ማኅበራት የሚያስተዳድሯት አገር፦ ድምፅ የአባል ነው ወይስ የነዋሪ?

የመነሻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ ጎንደሬዎች፣ በሩቅ ያላችሁም ጭምር።

ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ የሚሆነው ካርታ ላይ በሌለች ትንሽ አገር ውስጥ ነው። ስሟን ደቦ ብያታለሁ። ደጋ ናት፣ ሐይቅ አላት፣ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ይኖርባታል። ደቦ ውስጥ ቱጃር ነጋዴ የለም። የመንግሥት ፋብሪካም የለም። እርሻው፣ ወፍጮው፣ አውቶቡሱ፣ ሱቁ፣ ባንኩ፣ ሆስፒታሉ ሁሉ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ሰው በሚሠራበት ማኅበር ውስጥ ከሊቀ መንበሩ እኩል አንድ ድምፅ አለው።

ገጸ ባሕርያቱ መልክ ይዘውልኛል። የቀረኝ መንግሥቱ ነው። እስካሁን ያሰብኩት እንዲህ ነው። መሠረታዊ ማኅበራት ተወካይ ወደ ዩኒየን ይልካሉ። ዩኒየኖቹ ወደ ፌዴሬሽን ይልካሉ። ፌዴሬሽኖቹ 120 ሰው ያለበት ሸንጎ ያቆማሉ። ሸንጎው ሰባት ሰው ያለበት የአስተዳደር ጉባኤ ይመርጣል። ፕሬዚዳንቱ ከሰባቱ አንዱ ነው፣ በየዓመቱም ይቀየራል። ይህን ከስዊዘርላንድ ነው የወሰድኩት። እዚያ ሰባቱ የፌዴራል ምክር ቤት አባላት ወንበሩን በየዓመቱ ይቀባበሉታል።

ጥያቄዬ ከሥር ነው ያለው። በዚህች አገር ድምፅ የሚሰጠው የማኅበር አባል ነው ወይስ ነዋሪ? እኔ የማደላው ወደ ነዋሪው ነው። ማኅበር ጥፋት ያገኘበትን አባል ማሰናበት ይችላል። አገር ግን ዜጋዋን ማሰናበት አትችልም። ሁለቱን አንድ ካደረግናቸው፣ ከሥራው የወጣ ሰው ከአገሩም ወጣ ማለት ነው። በሌላ በኩል ድምፁን ለነዋሪው ከሰጠነው ደቦ ከሌላው አገር በምን ትለያለች? ፓርቲ ይመጣል፣ ማኅበራቱም ግብር ከፋይ ድርጅት ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

እስቲ አዋጡ። ይህች አገር የት ጋ ነው የምትሰነጠቀው?

(ክሩ በጣም ረዝሟል። ዘግይታችሁ ለምትገቡ እንዲቀላችሁ መልሶቹን በየቁጥራቸው፣ በራሴ ቃል ከዚህ በታች አስቀምጫቸዋለሁ።)

መልስ 1

መጀመሪያ የመለሰው ማኅበራት በማደራጀት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት የቆየ ወንድም ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ በጨዋ ደንብ ነው የገባው። የሠራኋት መሰላል እኛው አገር ሕግ ውስጥ እንዳለች አስታወሰን። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረታዊ ማኅበር አለ፣ ከእሱ በላይ ዩኒየን፣ ከዩኒየን በላይ ፌዴሬሽን። እዚሁ ጎንደር ያለው ፀሐይ ዩኒየን የሁለተኛው እርከን ምሳሌ ነው። በመሠረታዊ ማኅበር ብዙ ሼር የገዛም አንድ ሼር ያለውም ድምፁ አንድ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው የበላይ ነው። ሥራ አመራር ኮሚቴው ያስተዳድራል። ቁጥጥር ኮሚቴው ሥራ አመራሩን ይከታተላል።

ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ገባ። በደቦ ቁጥጥር ኮሚቴው የት እንዳለ ጠየቀኝ። ሸንጎ አለ፣ ጉባኤ አለ፣ ተቆጣጣሪ የለም። እሱ እንዳየው ማኅበር የሚሞተው ምርጫ ስላጣ አይደለም። ምርጫው በየጊዜው ይደረጋል። የሚሞተው ሁለቱም ኮሚቴዎች በአንድ ስብሰባ፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሰፈር ሰው ስለሚመረጡ ነው። ጎረቤቱን የሚቆጣጠር ሰው ዝም ማለት ይቀለዋል። ይህን ያነሳው ገና በመጀመሪያው መልስ ነው፤ ክሩ ግን ወደዚህ ነጥብ የተመለሰው ብዙ ከተጓዘ በኋላ ነው።

መልስ 2

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሐሳቡን በጣም ወደደው። ሞንድራጎንን አመጣ፤ በስፔን የባስክ ምድር እ.ኤ.አ. በ1956 የተጀመረውን የሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማለት ነው። ጀማሪው ሆሴ ማሪያ አሪስሜንዲያሪየታ የሚባሉ ቄስ ናቸው። እዚያ የዋናው ሥራ አስኪያጅ ደሞዝ ከዝቅተኛው ደሞዝ ከስድስት እጥፍ አካባቢ እንዳያልፍ ተወስኖ እንደኖረ ጻፈ። ይህ በደቦ ሕገ መንግሥት ይግባ ብሎም ሐሳብ አቀረበ። ወድጄዋለሁ፣ በልቦለዱም ይገባል።

መልስ 3

ይህኛው መልስ 2ን አረመ። ስድስት እጥፍ የምትለዋ ልክ በሁሉም ማኅበር አንድ እንዳልሆነች፣ በአንዳንዶቹም ከዚያ እንደምታልፍ ገለጸ። ከዚያ የተማሪው መልስ የዘለለውን አነሳ። ከሞንድራጎን ማኅበራት ከታላላቆቹ አንዱ የነበረው፣ ማቀዝቀዣና ምድጃ የሚሠራው ፋጎር፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ከስሯል። ሌሎቹ ማኅበራት ብዙዎቹን አባላት ተቀብለው ሥራ ሰጥተዋቸዋል። ይህ ያስመሰግናቸዋል። ጥያቄው ግን ቀረ። ደቦ ውስጥ አንድ ትልቅ ማኅበር ቢከስር፣ አባላቱ ሸንጎ ውስጥ የነበራቸው ወንበር የት ይሄዳል? ሥራውን ባጣበት ሳምንት ሰው ድምፁንም ይጣ?

መልስ 4

የክሩን አቅጣጫ የቀየረችው ይህቺ እህት ናት። ከአዘዞ ወጣ ካለ ገጠር ነው ያደገችው። አባቷ የገበሬዎች ማኅበር አባል ነበሩ። የተመዘገቡት በቤቱ አባወራነት ነው። እናቷ አብረው ያርሳሉ፣ ያርማሉ፣ ያበራያሉ። ማዳበሪያውን ከማኅበሩ መጋዘን ተሸክመው የሚያመጡትም እሳቸው ናቸው። ስማቸው ግን በመዝገቡ የለም። አባቷ ሲያርፉ ቤቱ ከማኅበሩ ጋር የነበረው ነገር ሁሉ ተቋረጠ። እናቷ ከተማ ገብተው እንጀራ እየጋገሩ፣ ጠላ እየጠመቁ ልጆቻቸውን አሳደጉ።

ከዚያ ስለ ደቦ ጠየቀች። የእሷ እናት በዚህች አገር ማን ናቸው? ሠርተው አያውቁም ሊባል አይችልም። አባል ሆነውም አያውቁም። ድምፅ በአባልነት ከሆነ፣ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩ ሴት አንድም ቀን ድምፅ ሳይሰጡ ይሞታሉ።

ለዚህ መልስ ብዙ ሰው ምስጋና ጻፈ። እኔም ከልቤ አመስግኛታለሁ። በደፈናው የያዝኩትን ሐሳብ ሰው አደረገችልኝ።

መልስ 5 እና 6

አንዱ ነገሩን ቀላል አድርጎ አየው። የቤት እመቤቶች የራሳቸውን ማኅበር ያቋቁሙ፣ ነገሩም ያልቃል አለ። እህታችን ቶሎ ተመለሰች፣ ቃሏም ጠንከር አለ። ሥራ ያላገኘው የ18 ዓመት ልጅስ? የቆሎ ተማሪውስ? ዋልድባ የመነነው መነኩሴስ? አልጋ ላይ የቀረው በሽተኛስ? ለእያንዳንዱ ማኅበር እንፍጠር ካልን፣ ማኅበር ያልነው ነገር ስሙን የቀየረ ቀበሌ ነው ስትል ዘጋችው።

መልስ 7 እስከ 11

እዚህ ላይ ክሩ ከመንገድ ወጣ። አንዱ የደቦ ዋና ከተማ የት ይሁን ሲል ጠየቀ። ሌላው ጎንደርን ለመምሰል ብትፈልግ ከፋሲል ተማሩ፣ ከተማ ሲቆረቆር ወንዝ ይታያል አለ። በዚህ ጊዜ ወሬው ወደ ውሃ ዞረ። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ፣ ሌሊት ተነስቶ በርሜል መሙላት፣ በጀሪካን ከሌላ ሰፈር መቅዳት፣ በደለል የሚቸገረው የአንገረብ ግድብ። ሁሉም የሰፈሩን ጻፈ። የማራኪው ከቀበሌ 18ቱ ጋር ማን ይብሳል በሚል ሲከራከር ቆየ።

የክሩ አስተናጋጅ ወደ ርዕሱ እንድንመለስ ሊያሳስብ ሲል መልስ 11 ራሱ መለሰን። ጸሐፊዋ ነርስ ናት። ውሃውን ይዛ ወደ ደቦ ገባች። ደቦ ውስጥ ውሃ የሚያድለው ማን ነው? የውሃ ማኅበር ነው። ታዲያ አባል ላልሆነ ሰው ውሃ መዝጋት ይችላል? ወርሃዊ መዋጮ ላቆመ አባልስ? ዕድር መዋጮ ያቋረጠን ሰው ከመዝገብ ቢያወጣ ሕጉ ነው፤ ሰውየው ሌላ ዕድር ይገባል። የውሃ ቱቦ ግን ሰፈሩ ውስጥ አንድ ነው። ሌላ የሚገባበት የለም። ስለዚህ ማኅበራት ሁለት ዓይነት ናቸው ስትል ጻፈች። አንዱ ብትወጣም የምትኖርበት ነው። ሌላው ብትወጣ የማትኖርበት። ሁለተኛው ዓይነት ሰውን የማስወጣት ሥልጣን ሊኖረው አይገባም።

እኔ ይህን ነጥብ በማስታወሻዬ ላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ። ከውሃ ወሬ ይህ ይወጣል ብሎ ማን አሰበ?

መልስ 12

ከደምቢያ የመጡ አባት ናቸው። በልጅ ልጃቸው ስልክ እንዳስጻፉት ነግረውናል። ረጅም ነው፣ ንዴትም አለበት። ማንም እንዳያልፈው እለምናለሁ።

በ1967 መሬት ለአራሹ ሲታወጅ እልል ካሉት አንዱ ነበሩ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ የአምራቾች ኅብረት ሥራ መጣ። መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ በሚባሉ ሦስት ደረጃዎች። በመልባ መሬቱ ይቀላቀላል፣ በሬና ሞፈር የግል ነው። በወልባ በሬውም ይገባል። በወላንድ ለራስ የሚቀር የለም። የእሳቸው ቀበሌ ወልባ ደረሰ። ሁለት በሬዎቻቸውን አስረከቡ። ሁሉም የሚጠምደው፣ ማንም አብልቶ የማያሳድረው በሬ ሆነ። አንዱ በሁለተኛው ክረምት ወደቀ።

ከበሬው በላይ የሚያንገበግባቸው ግን መዝገቡ ነው። ሥራ በነጥብ ይቆጠር ነበር። ነጥቡን የሚጽፈው የሊቀ መንበሩ ዘመድ ነበር። ከእሳቸው ጋር ውሎ የገባ ሰው በመዝገብ ሲታይ ሁለት እጥፍ ሠርቷል። ስብሰባ ላይ ቢናገሩ አድኃሪ ተባሉ። ድምፅ ነበራቸው፣ እጃቸውን ያወጡ ነበር፣ ግን አንድም ጊዜ ተቃውመው አያውቁም። መውጫው ዝግ ነበር። ወጥተው የት ያርሳሉ?

በየካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ፣ ወሬው በደረሰ ሰሞን ገበሬው ማኅበሩን በራሱ ጊዜ አፈረሰው። መሬቱን በገመድ ለክቶ ተካፈለ። ያስገደደው ሰው አልነበረም። ስለዚህ አገር ሙሉ ማኅበር የሚል ሰው፣ ልቦለድም ቢሆን፣ የገበሬውን ፊት ማየት አለበት ሲሉ ጨረሱ።

መልስ 13

ለአባታችን በትልቅ አክብሮት የመለሰ ሰው ነው። እሳቸው ያዩት ማኅበር ሳይሆን የግዳጅ ሥራ እንደሆነ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1844 እንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ 28 ሰዎች ሱቅ ሲከፍቱ ማንም አላስገደዳቸውም። ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ጥምረት እ.ኤ.አ. በ1995 ባጸደቃቸው ሰባት መርሆች ውስጥም የመጀመሪያው በፈቃድ መግባትና መውጣት ነው።

እስከዚህ የታወቀ ነው። ቀጥሎ ያለው ግን አስገረመኝ። ይህንኑ መርህ ይዞ ወደ እኔ ዞረ። አገሪቱ በሙሉ ማኅበር ከሆነች፣ አባል አልሆንም የሚል ሰው የት ይሠራል? እንደ አንድ ጫማ ጠጋኝ ብቻዬን ልኑር ቢልስ? የሚችልበት መንገድ ከሌለ ደቦ የመጀመሪያውን መርህ ገና ስትወለድ ጥሳለች። በፈቃድ የሚገባበት ነገር እምቢ ማለት የሚቻልበት መሆን አለበት። ስለዚህ ብቻውን የሚሠራ ሰው በደቦ ሕግ ቦታ ይኑረው፣ ግብሩን ይክፈል፣ ድምፁን ይስጥ አለ።

አባታችን በአጭሩ መልሰውለታል። ይኼንን ያን ጊዜ የሚል ሰው ቢኖር በሬዬ አይሞትም ነበር የሚል መንፈስ ያለው ነው። ብዙ ሰው መርቋቸዋል፣ እሳቸውም መርቀውናል።

መልስ 14 እስከ 17

ከምርቃቱ ቀጥሎ ጠብ መጣ።

መልስ 14 በቀጥታ ሰደበኝ። ሥራ ፈትቼ አገር እንደምፈጥር ጻፈ። ስድቡን ትቼ ክርክሩን ልንገራችሁ፣ ክርክሩ ከባድ ነውና። ሰውን በሙያው ከፋፍሎ ምክር ቤት ማስገባት የሙሶሊኒ ሐሳብ ነው አለ። ፋሽስቶቹ እ.ኤ.አ. በ1939 የተወካዮች ምክር ቤቱን አፍርሰው የፋሾና የኮርፖሬሽን፣ ማለትም የፋሽስት ፓርቲና የሙያ ዘርፎች፣ ምክር ቤት አቁመዋል። ጎንደር ፒያሳ ላይ ያሉትን ፖስታ ቤትና ሲኒማ ያቆመውም ያው አገዛዝ ነው። ጎንደር እስከ ኅዳር 1934 ድረስ የጣሊያን የመጨረሻ ምሽግ ሆና ቆይታለች። አያቶቻችን ያን አገዛዝ ለማስወጣት ሞተው፣ የልጅ ልጃቸው ሕጉን በልቦለድ መልሶ ሊያመጣው ነው ወይ ሲል ጠየቀ።

መልስ 15 በቁጣ ተነሳ። እዚያ ተወካዮቹ ከላይ የተሾሙ እንጂ ከታች የተመረጡ አልነበሩም ሲል አረመው። ከዚያ ስሎቬኒያን አመጣ። ስሎቬኒያ 40 አባላት ያሉት ብሔራዊ ምክር ቤት አላት። 22ቱ የአካባቢ ተወካዮች ናቸው። የቀሩት የአሠሪ፣ የሠራተኛ፣ የገበሬና የባለ ሙያ፣ የትምህርትና የጤና የመሳሰለው ዘርፍ ተወካዮች ናቸው። ይህ ምክር ቤት ሕግ አያወጣም። 90 አባላት ያሉት ፓርላማ ያወጣውን ሕግ ግን እንደገና እዩት ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ሙያ ምክር ቤት ገባ ማለት ፋሽስት መጣ ማለት አይደለም።

መልስ 16 ሁለቱንም ለማስታረቅ አየርላንድን ጨመረ። የአየርላንድ ሴኔት 60 አባላት አሉት። 43ቱ ከአምስት የሙያ መደቦች ይመረጣሉ፤ ግብርና አለ፣ ሠራተኛ አለ፣ ኢንዱስትሪና ንግድ አለ። መራጮቹ ግን ገበሬውና ሠራተኛው አይደሉም። የፓርላማና የአካባቢ ምክር ቤት ፖለቲከኞች ናቸው። በዚህ ምክንያት የሙያ ወንበሩን ፓርቲዎች ወስደውታል። ትምህርቱ ግልጽ ነው አለ፤ ወንበሩን በሙያ ሰይመህ መራጩን ካልቀየርክ ምንም አልሠራህም።

መልስ 17 ስድብ ብቻ ነበር። አስተናጋጁ አንስቶታል። 14ም ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ቢመለስ ደስ ይለኝ ነበር። ሙያን ከሥልጣን ጋር ስናስር ማን ከላይ እንደሚቀመጥ እንድናይ ያስገደደን እሱ ነው።

መልስ 18

ታሪክ አስተማሪ ነው። የእኔ ደቦ በእርግጥ የምትመስለው ስዊዘርላንድን ሳይሆን ዩጎዝላቪያን ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ1950 በወጣ ሕግ ፋብሪካዎች በሠራተኛ ምክር ቤት መተዳደር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ሕገ መንግሥት 406 አንቀጾች ነበሩት። ሰው በሥራ ቦታውና በሚኖርበት ሰፈር ልዑካን ይመርጣል። ልዑካኑ ሌሎች ልዑካን ይመርጣሉ። እንዲህ እያለ እስከ ላይ ይደርሳል። ልክ እንደ እኔ መሰላል ነው።

አስተማሪው የመሰላሉን ችግር በደንብ አስረዳ። የፋብሪካው ሠራተኛ ከላይ የተቀመጠውን ሰው አልመረጠውም። የመረጠውን የመረጠውን ሰው ነው የመረጠው። እርከን በጨመረ ቁጥር ተጠያቂነት ይቀንሳል። መሃል ላይ ያለውን ክፍተት የሞላው ደግሞ አንዱ ፓርቲ ነው፤ በየእርከኑ አስቀድሞ ሰው ነበረውና። ሌላ ፓርቲ አይኖርም ማለት ፓርቲ አይኖርም ማለት አይደለም። ስለዚህ በደቦ የላይኛው ሸንጎ ቢያንስ ግማሹ በቀጥታ ይመረጥ ሲል ሐሳብ ሰጠ።

ይህ መልስ ለእኔ ከሁሉም የከበደው ነው። መሰላሉን በጣም እወደው ነበር፤ ገጸ ባሕርዬ ከወፍጮ ቤት ተነስታ በዚያ መሰላል ነው ሸንጎ የምትገባው። እሷን ሌላ በር አገኝላታለሁ።

መልስ 19

አውራ አምባን ያየ ሰው ነው። ፎገራ ወረዳ፣ ከወረታ ብዙም የማይርቅ፣ ዙምራ ኑሩ የመሠረቱት ማኅበረሰብ። ሽመናው፣ ወንድ እንጀራ ሲጋግር ሴት ስታርስ ማየቱ፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት እንዳስደነቀው ጻፈ። ኮሚቴዎቹም ብዙ ናቸው፣ ሥራቸውንም ያውቃሉ። እሱ እንደሚለው ይህ የሚሠራው ሰው ሁሉ ስለሚተዋወቅ ነው። አንድ ሚሊዮን ሰው አይተዋወቅም። ደቦን አሳንሳት ሲል መከረኝ። ምክሩን አልተቀበልኩትም። የማይተዋወቁ ሰዎች እንዴት አብረው ይተዳደራሉ የሚለው ነው እኔን የያዘኝ ጥያቄ።

መልስ 20 እና 21

መልስ 20 ወደ መልስ 1 መለሰን። ቁጥጥር ኮሚቴውን በዕጣ እናድርገው አለ። በጥንቷ አቴና 500 ሰዎች ያሉበት ምክር ቤት በየዓመቱ በዕጣ ይሞላ ነበር፤ አንድ ሰውም በሕይወቱ ከሁለት ጊዜ በላይ አይገባበትም። እኛም ዕቁብ ላይ ዕጣ እናምናለን። ማንም ዕጣ ስለወጣበት ሰው አይማረርም። በዕጣ የገባ ተቆጣጣሪ ውለታ የለበትም፣ የመረጠው ጎረቤት የለውምና።

መልስ 21 ሒሳብ ሠራተኛ ናት። ሐሳቡን ደገፈች፣ ግን አንድ ነገር አስተካከለች። በአንድ ማኅበር ውስጥ ኦዲት ስታደርግ ያየችውን ነገረችን። ገንዘብ ያዡ ሁለት ደረሰኝ ነበረው። ቁጥጥር ኮሚቴው በየሦስት ወሩ ፈርሟል። ሌቦች ስለሆኑ አይደለም። የባንክ መግለጫ ከገቢ ደረሰኝ ጋር ማመሳከር የሚያሳያቸው አልነበረም። አሳፍሯቸው ነው የፈረሙት። ስለዚህ ዕጣ ብቻውን አይበቃም። በዕጣ ለገቡት ሰዎች የራሳቸው ሒሳብ አዋቂ ይቀጠርላቸው፤ ደሞዙ ግን በሚቆጣጠሩት ማኅበር አይከፈል። ከአገሪቱ በጀት ይከፈል። መልስ 1ን የጻፈው ወንድም ተመልሶ መጥቶ ይህ በእውነተኛው ዓለምም ቢሠራ ስንት ማኅበር ይተርፍ ነበር ሲል ቁጭቱን ገለጸ።

መልስ 22

ይህ የእኔ ነው። ሁሉንም ሰምቼ ደቦን እንዲህ አስተካከልኳት።

ሁለት ቤቶች ይኖራሉ። የነዋሪዎች ቤት ዕድሜው የደረሰ ሰው ሁሉ በሚኖርበት ሰፈር በቀጥታ የሚመርጠው ነው። የእህታችን እናት፣ ጫማ ጠጋኙ፣ መነኩሴው፣ ሥራ ያጣው ልጅ ሁሉም እዚህ እኩል ናቸው። ሕግ የሚያወጣው፣ በጀት የሚያጸድቀው፣ ሰባቱን የሚመርጠው ይህ ቤት ነው። የማኅበራት ቤት ከዩኒየኖች የሚመጣ ነው። ስለ ዋጋ፣ ስለ ብድር፣ ስለ ሥራ ሰዓት ሕግ ያመነጫል። የነዋሪዎቹ ቤት ያወጣውን ሕግ አንዴ ሊመልሰው ይችላል፣ ሊገድለው ግን አይችልም። የማኅበራት ቤት ተወካይ የሚመረጠው በአባላት ቀጥታ ድምፅ ነው። የመረጠውን መረጠ የሚባል ነገር የለም።

ውሃ፣ መብራት፣ ሕክምና የሚሰጥ ማኅበር ሰው ማስወጣት አይችልም። ዕዳ ካለ በፍርድ ቤት ይጠይቃል። ሌላው ማኅበር ማስወጣት ይችላል፣ የወጣው ሰው ሼሩን ይዞ ይወጣል። በሬውንም ጭምር፤ ይህን ለደምቢያው አባት ስል በአንቀጽ አስገብቼዋለሁ። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው የሚሠራ ከሆነ መዝገቡ ላይ ሁለት ስም ይጻፋል። ቁጥጥር ጉባኤው በዕጣ ይሞላል፣ የራሱ ሒሳብ አዋቂዎች አሉት።

መልስ 23

መልስ 3ን የጻፈው ሰው የከሰረውን ማኅበር አልረሳም። የማኅበራት ቤት ውስጥ የነበረው ወንበር ምን ይሆናል ሲል ደገመ። አባላቱ ሌላ ሥራ እስኪይዙ፣ ቢረዝም እስከ ምርጫው ዘመን ማብቂያ፣ ወንበሩ ይቆያል ስል መለስኩ። የከሰረ ሰው ድምፁ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። እሱም ተስማማ። ግን አበዳሪው ባንክም ማኅበር መሆኑን፣ አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ቤት ጎን ለጎን እንደሚቀመጡ አስታወሰኝ። በብድር ሕግ ላይ ባንኩ ድምፅ እንዳይሰጥ ሊከለከል ይገባል ይላል። እየተከራከርን ነው።

መልስ 24

ነርሷ ስለ ግብር ጠየቀች። ግብር የሚከፍለው ማኅበሩ ነው ወይስ ሰውየው? ማኅበሩ ብቻ ከከፈለ፣ ሆስፒታሉን የሚያኖሩት እነሱ ስለሆኑ ነገ እኛ ነን ባለቤቶቹ ይላሉ ባይ ናት። ሁለቱም ይክፈሉ ብያለሁ፤ ማኅበሩ ከትርፉ፣ ሰውየው ከገቢው። ምንም ገቢ የሌለው ምንም አይከፍልም፣ ድምፁ ግን ያው ነው።

መልስ 25

የአዘዞዋ እህት በመጨረሻ ተመልሳለች። ሁለት ስም በመዝገብ የሚለውን ወዳዋለች። ግን አንድ ነገር ቀርቶሃል አለችኝ። አባወራው ሚስቴ ሥራ የላትም ብሎ ቢያስመዘግብ ማን ያርመዋል? መዝጋቢው ጎረቤቱ ነው። ምዝገባው በቤት ሳይሆን ሰው በሰው፣ ሴቲቱ ራሷ ቀርባ የምትፈርምበት ይሁን ትላለች። ተቀብያለሁ። የልቦለዱን ሦስተኛ ምዕራፍ ከዚሁ የምዝገባ ጠረጴዛ ነው የምጀምረው፤ በባንኩ ድምፅ ላይ ሐሳብ ያላችሁ ከመልስ 26 ቀጥሉ።